በፕላስተር የተከፈለችው መኪና

አባዬ ዕድሜ ልኩን ሹፌር ነበር። ባለፈው ሰሞን ዓይኑ ደከመና ሐኪሙ መሪ እንዳይነካ ከለከለው። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ሰማያዊ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች፤ እሱም በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ እሷን ማየት ሥራው ሆነ። ደህና አድርጎ ባያያትም ያያታል።

መኪናዋ ለማን ትሰጥ የሚለው ነገር የመጣው ያኔ ነው። ልጆቹ ሁለት ነን፤ ነርሷ ታላቅ እህቴና ፀጉር ሠሪዋ እኔ። እውነቱን ልናገርና መኪናዋን በጣም እፈልጋት ነበር። ለመንዳት ብቻ አይደለም። ለእኔ ከሰጠኝ፣ አንድ ቀን እንኳን እኔን ከእህቴ አስበለጠ ማለት ነው። ሕፃንነት ነው ካላችሁ አዎ፣ ሕፃን ነኝ።

አባዬ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያዝ ሰው አይደለም።

«መጀመሪያ ዋክስ ቀቧት፤ ታብረቅርቅ» አለን። «ቀለሟን ማን አሳምሮ እንደሚይዝልኝ ልይና እወስናለሁ።»

እህቴ በክብ ቆርቆሮ ያለውን ጠጣር ዋክስ ይዛ መጣች። እኔ ፈሳሹን፣ ባለ ጠርሙሱን ያዝኩ። ገና በቅጡ ሰላም ሳንባባል ጀመርን።

«እሱ ፈሳሽሽ እኮ ሁለት ዝናብ አይችልም» አለች እህቴ።

«ያንቺን ደግሞ ፈትጎ ለማስለቀቅ ጎረምሳ መቅጠር ያስፈልጋል።»

«አባዬ ያስተማረኝ እንዲህ ነው። በስፖንጅ፣ ክብ ክብ እያደረጉ።»

«ውሸት! ለእኔ ቀጥ አድርጊ ነው ያለኝ፤ ከፊት ወደ ኋላ።»

ሁለታችንም ወደ በረንዳው ዞርን። አባዬን ሳል ሳል አለው።

«ለሁለታችሁም ያልኩት ልክ ነው» አለ። «እሷ የረጋች ስለሆነች ክብ አልኳት። አንቺ ደግሞ ችኩል ነሽ። ክብ ብልሽ ዳር ዳሩን ነካክተሽ ትሄጃለሽ።»

እህቴ ከት ብላ ሳቀች። የእኔ ደም ፈላ።

ስለዚህ መኪናዋን አጥበን፣ አድርቀን ለሁለት ከፈልናት፤ ቀኙ ለእህቴ፣ ግራው ለእኔ። ድንበር እንዳያጣላን እህቴ ከቦርሳዋ ጥቅል የቁስል ፕላስተር አወጣች። ከኮፈኑ ጫፍ ጀምራ፣ በጣሪያው ላይ አሳልፋ፣ እስከ ኋላ ድረስ ቀጥ አድርጋ ለጠፈችው። ነርስ በመሆኗ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥላ ሥር ገፋናት። የጋለ ቆርቆሮ ላይ የተቀባ ዋክስ ሙጭጭ ብሎ አልለቅም ይላል። እህቴ ኮፈኑ መቀዝቀዙን በእጇ ጀርባ ለካች፤ ትኩሳት የምትለካ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ጓንት አጥልቃ፣ በስፖንጇ ጫፍ ትንሽ ትንሽ እያነሳች፣ ስስ አድርጋ ክብ ክቧን ተያያዘችው። እኔ የደንበኛ ፀጉር ቅባት ሳጠጣ እንደለመድኩት ጠርሙሱን ገለበጥኩት።

«ኧረ በዛ!» አለች።

«በራስሽ ግዛት ቆይ!»

በዝቶ ነበር። ዋክሱ ደርቆ ሲነጣ የእሷ ጎን ጉም የነካው መስታወት ሆነ፤ የእኔው የተለሰነ ግድግዳ። እሷ በለስላሳ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አበስ ስታደርገው በሩ ቦግ አለ። እኔ ላቤ ጠብ እስኪል ፈተግኩ። እጀታው ሥር የተሰገሰገውን በጥርስ ብሩሽ እየፈለፈልኩ አወጣሁ። ዞር ስትል ስፖንጇን ልደብቅባት ከጅሎኝም ነበር፤ እግዜርን ፈርቼ ተውኩት። በመጨረሻ ግን ግራውም አበራ፤ ፊቴን አየሁበት። ፀጉሬ ጉድ ሆኗል። ደንበኛ ቢያየኝ ዳግመኛ አይመጣልኝም።

ፕላስተሩን ላጥነውና አባዬን ጠራነው።

ዓይኑን ስለማያምነው መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ከቀኝ ጀመረ፤ እጁ ሸርተት እያለ ሄደ። መሃል ላይ ሲደርስ ያዝ አደረገው። ተመልሶ ዳሰሰው። ከዚያ አንድ ጣቱን እዚያው ላይ አድርጎ እስከ ፊት መስታወቱ ድረስ ተከተለው።

«ይሄኛውን ማን ነው የቀባው?»

ፕላስተሩ የነበረበት ቦታ፣ ጣት የሚያህል፣ ዋክስ ሳይነካው ከጫፍ እስከ ጫፍ ደብዝዞ ቀርቷል። እኔ እህቴን አየኋት፤ እህቴ እኔን።

«የሷ ነው!» አልን በአንድ አፍ።

አባዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ እኮ መኪናዋ ለማናችሁም ብትሆን ግድ የለኝም» አለ። «አንዷ ይዛት ትሄዳለች፤ ሌላዋ ታኮርፋለች። እኔን ማን ሊያወጣኝ ነው? በረንዳ ላይ መቅረቴ ነው እንጂ።»

ይሄን ሁሉ ቀን ስለ መኪናዋ ስንጨቃጨቅ፣ ከሁለታችን አንዳችን እንኳን «አባዬ፣ የት ልውሰድህ?» አላልነውም። አፈርኩ።

እህቴ ደንገጥ ብላ ስፖንጇን አነሳች፤ መስመሩን ልትቀባ።

«ተይው፣ ይደርሳል» አላት። «መጀመሪያ እኔን አውጡኝ።»

ይሄን ብሎ በልማዱ ወደ ሹፌሩ በር ሄደ። እጀታውን ያዘ፤ ከዚያ ትዝ አለውና እንደያዘው ቆመ። ለዚያ በር ስንቧቀስ የከረምነው እኔና እህቴ አንዳችንም አልተንቀሳቀስንም።

እህቴን ወደ መሪው ገፋ አደረግኳት።

«ግቢ፣ አንቺ ንጂ» አልኳት።

አባዬን በክንዱ ይዤ አዞርኩና ጋቢና አስቀመጥኩት። እኔ ከኋላ ገባሁ። እህቴ እንደ ሁልጊዜዋ ግራ ቀኙን አይታ፣ መስታወቱን አስተካክላ፣ እንደገና ግራ ቀኙን አይታ ቀስ ብላ ተነሳች። ከግቢው በር እንኳን አልወጣንም።

«ኧረ ተንቀሳቀሺ!» አለ አባዬ። «በዚህ አካሄድሽ ከግቢው ሳንወጣ ይመሽብናል። ምነው ችኩሏን ባስነዳናት!»

እህቴ በመስታወቱ ገላመጠችኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ ዋናው መንገድ እስክንደርስ ድረስ ብቻዬን ሳቅኩ።