ዳገት የሚወጣ ይቀድማል

የሚስቅ ይሳቅ! ዘውደነሽ በአርባ ስድስት ዓመቷ ሳይክል መንዳቷ ሳያንስ ሰው ትመኛለች ብለው መቱ ከተማን ያዳርሱት። እውነት ነው፤ ተመኘሁ። ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የተማሪ ዩኒፎርም ከኋላ አስሬ ወደ ገበያው ቁልቁል እወርዳለሁ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው አራርሳ በሳይክሉ ሽቅብ ይመጣል። ገበያው ጥግ ባጃጆቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚተርፈው አንድ ሳይክል ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነው። ሳይክል ነጂ ደግሞ ሳይነጋገር የሚግባባው ሕግ አለው፤ ዳገት የሚወጣ ይቀድማል። አንዴ እግሩ መሬት ከነካ መነሳት መከራ ነዋ! ስለዚህ እሱ አገጩን ከፍ ያደርጋል፣ እኔ ፍሬን እይዛለሁ፤ ሲያልፍ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያመሰግነኛል። በቃ። ሰባት ወር ሙሉ ይቺው ናት።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ባልም አይገባም! እሱም እንደ እኔ ብቻውን እንደሚኖር ሰምቻለሁ። ድምፁ ናፈቀኝ፤ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ። ሰኞ እንዴት አደሩ ልለው ቆረጥኩ፤ በኦሮምኛ፣ «አካም ቡልተን» ብዬ። አፌን የፈታሁበትን ቋንቋ መስተዋት ፊት ተለማመድኩት!

ሰኞ ጥጉ ላይ ፍሬን ያዝኩ። ሳይክል የለም። አንድ ሞተር እያጓራ መጣና ዳገቱ ላይ ቆመ። ነጂው ሄልሜቱን አወለቀ፤ አራርሳ!

«ይለፉ እትዬ» አለኝ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ትንሽ ይሻክራል፤ ደስ ሲል! «መሥሪያ ቤቱ ሞተር ሰጠኝ። ከእንግዲህ ዳገቱ አያስቸግረኝም። ብዙ አስቁሜዎታለሁ።»

«እሺ» ብዬ አለፍኩ። ሰባት ወር ጠብቄ፣ እሺ!

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በእጁ ይለፉ እያለ ያስቀድመኛል። ቁልቁለቱ ይዞኝ ይሄዳል፤ ፊቱን እንኳ በደንብ አላየውም። ያቺ መቆሜ ናፈቀችኝ።

ትናንት ምልክት ሲሰጠኝ ፍሬን ይዤ ቆምኩ። እሱም ቆመ። የባጃጆቹ ጡሩምባ አካባቢውን አደበላለቀው። ባጃጅ ነጂው ገመቺስ አንገቱን አውጥቶ፣ «እትዬ ዘውደነሽ፣ መንገዱ ክፍት ነው እኮ!» አለኝ።

«ዝም በል አንተ! እሱ ይቅደም» አልኩ ጮክ ብዬ። «እሱን ማስቀደም ለምጃለሁ።»

አራርሳ ትንሽ አየኝና ሞተሩን አጠፋ። አፌን ስከፍት፣ «አካም ቡልተን፣ ዘውደነሽ?» አለኝ።

በዚህም ቀደመኝ።