የአድሚኑ ሽምግልና

መምህር አስረስን ማን አድሚን ሁን አለው? ማንም። ጡረታ ሲወጣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አቃተውና ቴሌግራም ላይ በከተማው ስም «የሚዛን ገበያተኛ» የሚል ግሩፕ ከፈተ። ዝንጅብል የሚሸጠው፣ ቤት የሚያከራየው፣ ወደ ቴፒ የሚሄድ መኪና የሚፈልገው እየተጠራራ ገባና ሰዉ ዘጠኝ ሺህ ደረሰ። ጠብ ሲነሳ አስረስ የሚያውቀው መላ አንድ ነው፤ ሠላሳ ዓመት በሰፈሩ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ እንደኖረው ሁለቱን ጠርቶ ማስታረቅ። እውነት ለመናገር እስከዚያች ሳምንት ድረስ ሠርቶለታል።

ማክሰኞ ጧት ፈንታው የሚባል ነጋዴ «ዙሌይካ የምትሸጠው እርድ የግድግዳ ቀለም የተቀላቀለበት ነው፤ ልጆቻችሁን አድኑ» ብሎ ለጠፈ። ፈንታው ከዙሌይካ ሱቅ ፊት ለፊት የቅመም መደብር ከከፈተ ገና ሁለት ወሩ ነው። ነገሩ ለማን ይጠፋዋል! ዙሌይካ ግን በዚያ ሱቅ አራት ልጅ ያሳደገች፣ እርዱን ከቴፒ ገበሬ እጅ ገዝታ፣ ቀቅላ፣ አድርቃ፣ ወፍጮ ቤት ራሷ ቆማ የምታስፈጭ ሴት ናት። የአስረስ ባለቤት ሰርካዲስ እንኳ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሷ ሌላ ቅመም ገዝታ አታውቅም።

ረፋዱ ላይ ዙሌይካ ስልኳን ይዛ አስረስ ደጅ ደረሰች። ዓይኗ ቀልቷል።

«መምህር፣ ከጧት ጀምሮ አንድ ሰው ሱቄን አልረገጠም። ምግብ ቤቶቹም ትእዛዛቸውን ሰርዘዋል። ውሸት ነው ብለህ ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«አይዞሽ እህቴ፣ ዛሬውኑ እንጨርሰዋለን» አላት።

ምናለ ያን ጊዜ እንዳለችው ቢጽፍላት ኖሮ! እሱ ግን ፈንታውንም ጠርቶ ሁለቱን ሳሎኑ አስቀመጣቸው። ፈንታው ማስረጃህ የታለ ሲባል «ሰው ነግሮኝ ነው» ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ማን ነገረህ ቢሉት ስም የለውም። ወግ ያለው ሽማግሌ እዚህ ላይ «ዋሽተሃል» ይላል። አስረስ ግን ማንም ከፍቶት ከቤቱ እንዲወጣ አይወድም።

«በሉ ሁለታችሁም ተነሡና ይቅር ተባባሉ» አለ።

«እኔ ምን አጥፍቼ?» አለች ዙሌይካ።

«አጥፍተሽ አይደለም፣ ለሰላም ነው። ስለ እኔ ብለሽ።»

«ወላሂ ከብዶኛል፣ መምህር።»

ከበዳት፤ ግን ሽበቱን አየች፣ ልጆቿን ፊደል ያስቆጠረ ሰው መሆኑን አሰበችና ተነሣች። ለዚያ ቀጣፊ «ይቅርታ» አለችው።

አስረስ ደስ አለው፣ ሞኝ! የፈንታውን ጽሑፍ ከሥሩ ከተጻፈው አስተያየት ሁሉ ጋር አጠፋና እንዲህ ብሎ ለጠፈ፦ «በወ/ሮ ዙሌይካና በአቶ ፈንታው መካከል የተነሣው ጉዳይ በሽምግልና ተፈቷል። ሁለቱም ይቅርታ ተጠያይቀዋል።»

አቤት የሰው አፍ! «ይቅርታ ከጠየቀች አድርጋዋለች ማለት ነው» አለ አንዱ። «ንጹሕ ከሆነች ጽሑፉ ለምን ጠፋ?» አለች ሌላዋ። እስከ ማታ የአስረስ መልእክት ከግሩፕ ግሩፕ እየዘለለ ቴፒ ደርሶ ቱም ከተማም ገባ። የፈንታውን ጽሑፍ ስልኩ ላይ ያስቀረ ግን አንድም ሰው አልተገኘም።

ዙሌይካ በስም ማጥፋት ልትከስ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መርማሪው የፈንታው ጽሑፍ የታለ አላት። የላትም። እሱ ከስልኩ ያገኘው የአስረስን መልእክት ብቻ ነው። «እዚህ ላይ እኮ ይቅርታ ጠይቀሻል ይላል» አላት።

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ አስረስ ዘንድ መጣች። አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«መምህር፣ የፈንታውን ሰው ይጠራጠረው ነበር። የአንተን ማን ይጠራጠራል? እንዲህ ከቀጠለ ወሩ ሲያልቅ ሱቁን እዘጋለሁ።»

በዚያው ሰዓት ተቀምጦ ጻፈ። «ወ/ሮ ዙሌይካ ምንም አላጠፋችም። ሳታጠፋ ይቅርታ በይ ያልኳት እኔ ነኝ። ፈንታው ማስረጃ የለውም።» የመጀመሪያው መልስ ደቂቃ አልፈጀም። «አድሚን፣ ስንት ኪሎ እርድ ተላከልህ?» የሳቀው ሰው ብዛት! አንዱን ሲያስወጣ አሥር ይነሣል። ፈንታው ራሱ «ከታረቅን በኋላ ነገር መቆስቆስ ከሽማግሌ አይጠበቅም» ብሎ መከረው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያለ ተማሪ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ የሰው ስም በገዛ ጣቱ ቀበረ።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት እጁን ሊታጠብ ወደ ጓዳ ሲገባ፣ ምድጃው አጠገብ የፈንታው መደብር ስም ያለበት የእርድ ከረጢት አየ። አልጫው እየተንተከተከ ነው።

«ሰርካዲስ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከፈንታው ነዋ።»

«ዙሌይካስ?»

«ምነው፣ ይቅርታ ጠይቃለች ብለህ ራስህ ጽፈህ የለ?»

«ኋላ የጻፍኩትን አላነበብሽም?»

ሰርካዲስ ማማሰያዋን ድስቱ ላይ አስቀመጠችና በፍቅር ዓይን አየችው።

«አነበብኩት እንጂ። አዝነህላት ነው መቼም። አንተ እንደሆንክ ሰው ሲከፋው አትወድም።»