እሜቴ ከሰልና ታናሽ እህቷ

የጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች «እሜቴ ከሰል» ይሏታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከማቅለሚያ ክፍሉ የሚወጣውን ባለቀለም ፍሳሽ በከሰል ዱቄት ስታጣራ ኖራለች። ከሰሉ ቀለሙን ምጥጥ አድርጎ ይይዛል፤ ጣጣው ከሰሉን ራሱን ከውሃው መለየት ነው። እስኪዘቅጥ ቀኑ ይመሻል፣ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ ጥፍር ውስጥ ከገባ በሳሙናም አይለቅ። ቢሆንም ወደ ወንዙ የሚወርደው ውሃ የሚጠራው በእሷ እጅ ነበርና ትኮራበት ነበር።

ታዲያ አንድ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ አዲስ ኬሚስት ይዞ መጣ፤ የገዛ ታናሽ እህቷን። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ፀጉሯን እየጎነጎነች፣ ፊደል እያስቆጠረች ያሳደገቻት እሷው ናት። ታናሿ ዩኒቨርሲቲ የገባች ዕለት እሜቴ ከሰል ደስታዋን የምትይዝበት አጥታ ነበር። እህቷ መጥታ ገንዳዋ አጠገብ ስትቆም ግን ነገሩ ሌላ ሆነባት።

ታናሿ ማግኔት ከሚስበው ጥቁር የብረት ዝገት ጋር የተዋሐደ የከሰል ዱቄት በጠርሙስ ይዛለች። ሰማያዊ ፍሳሽ በሞላ ባልዲ ውስጥ ጨመረችው፣ አማሰለችው፣ ከዚያ ትልቅ ማግኔት ከባልዲው ጎን አስጠጋች። ጥቁሩ ዱቄት ቀለሙን እንደታቀፈ ወደ ማግኔቱ ተግተለተለ። ውሃው ኩልል አለ።

«ጉድ እኮ ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እሜቴ፣ አየሽ? ያንቺን የአንድ ቀን ሥራ በሩብ ሰዓት!»

«አየሁ» አለች። ከንፈሯ ፈገግ አለ፤ ሆዷ አልፈገገም።

ከዚያ ወዲያ ቅናት እንደ ነቀዝ ውስጥ ውስጧን ይቦረቡራት ጀመር። የእህቷ ጋዋን ንጣት እንኳ ያበግናታል። «እትዬ፣ ደከመሽ?» ስትላት «ምን ሠርቼ ልድከም? ሥራውን ማግኔትሽ ጨረሰው!» ብላ ታሳፍራታለች።

የፍሳሽ ተቆጣጣሪዎች ሙከራውን ሊያዩ በሚመጡበት ጠዋት ገንዳው በቀይ ፍሳሽ ተሞልቶ ነበር። እሜቴ ከሰል ጣቷን ነክራ አሻሸችው፤ አሙለጨለጫት። ቀለም ማስያዣው ሶዳ በዝቶበታል። ሶዳ የበዛበትን ቀይ ደግሞ ከሰል አይዝም፤ መጀመሪያ አሲድ ጠብ ካላደረጉበት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ይህን ከስንት ብልሽት ተምራዋለች። ታናሿ ፍሳሹን የለካችው ትናንት ነው፤ ንጋት ላይ አዲስ እንደተለቀቀበት አታውቅም።

«እትዬ፣ ሁሉ ነገር ደህና ነው?» አለች እየተጣደፈች።

እሜቴ ከሰል ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። «ደህና ነው» አለች።

ተቆጣጣሪዎቹ ደረሱ፤ ዱቄቱ ተጨመረ፣ ማግኔቱ ወረደ፣ ጥቁሩ ወጣ። ውሃው ግን ያው ቀይ። እንደገና ተጨመረ፤ ያው። «ትምህርት ቤት ሌላ፣ ፋብሪካ ሌላ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ።

እሜቴ ከሰል ደስ ይለኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። አልሆነም። ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን የምትታገለው ሴት፣ በወደቀች ቁጥር ጉልበቷን ያጠበችላት ያቺው ልጅ ናት።

«ቆዩ!» አለች። «ሶዳ በዝቶበታል። ጠዋት አውቄ ነበር፤ አልነገርኳትም።»

ጓንቷን አጥልቃ አሲዱን አመጣች፤ በጥቂት በጥቂቱ እያንጠባጠበች አማሰለች። ታናሿ ለክታ ዱቄቱን ጨመረች። ማግኔቱ ሲወጣ ውሃው ጠርቶ ከገንዳው ወለል ላይ የወደቀች የልብስ ቁልፍ ሳትቀር ትታይ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ናሙና ቀድተው ሄዱ።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ታናሿ ዞረች። «ለምን፣ እትዬ?»

«ቀናሁብሽ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ጉድ ብሎልኝ አያውቅም።»

«እኔ ለጓደኞቼ ሁሉ ስላንቺ ሳወራ ነው የኖርኩት» አለችና ጋዋኗን አውልቃ ወጣች።

ሦስት ሳምንት ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገሩም። በአራተኛው ታናሿ ደብተር ይዛ መጥታ ገንዳው ዳር ተቀመጠች። «ስለ ቀዩ የምታውቂውን ንገሪኝ። ቀጥሎ ስለ ቢጫው።»

ታላቅየዋ ተናገረች፣ ታናሿ ጻፈች። ቅናቱ ጨርሶ ለቀቃት ማለት አይቻልም፤ ማግኔቱ በተመሰገነ ቁጥር አሁንም ቆንጠጥ ያደርጋታል። ቢጫው ላይ ሲደርሱ አልተስማሙም፤ እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከሩ።