ስንቴም ቢደገም

አጎቴ በር ቆልፎ ዝም ብሎ ሄዶ አያውቅም። ይቆልፋል፣ አምስት እርምጃ ይራመዳል፣ ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል፣ ከዚያም ከሩቅ ዞር ብሎ በዓይኑ ያረጋግጣል። እናቴ «ወንድሜ ሲወለድም ሁለቴ ሳያለቅስ አልቀረም» ትላለች። በምንሠራበት የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ነርሶቹ «ጋሼ ድገም» የሚል ስም አውጥተውለታል። እሱም በዚያ ስም ሲጠሩት ሳይከፋው አቤት ይላል።

እኔ የታካሚዎቹን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያዛወርኩ የእህቱ ልጅ ነኝ። እሱ ጄኔሬተሩንና ከጎኑ ያለችውን የማሽን ክፍል ይጠብቃል። የክፍሏ ቁልፍ ሃያ ስድስት ዓመት ከወገቡ ተለይቶ አያውቅም። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር መዝገቡ ያለበትን ሰርቨር የሚያስነሳው እሱ ስለሆነ፣ ስድስት ነጥብ ያለው ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩለት። አራተኛው ነጥብ መዝገቡ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ የሚያዋቅረው ስክሪፕት ነው፤ ሰንጠረዦቹን የሚሠራና የክፍሎቹን ስም የሚያስገባ የትዕዛዝ ዝርዝር ማለት ነው። የሚያስፈልገው ማሽኑ አዲስ ሲሆን ብቻ ነበርና በቀይ «አንዴ ብቻ» ብዬ ጻፍኩበት።

አጎቴን እያወቅሁት እንዲህ መጻፌ ነው የሚገርመኝ። ወረቀቱ ከአንድ እስከ ስድስት ካለ፣ እሱም ከአንድ እስከ ስድስት ይሠራል። ቀይ ቀለም ደግሞ ለእሱ «ይህችን እንዳትረሳ» ማለት ነው። መብራት ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ሲመጣ ስክሪፕቱ የክፍሎቹን ስም ሦስቴ ደግሞ አስገባ። አንዱ የክትባት ክፍላችን ኮምፒውተሩ ላይ አራት ሆነ። መዝጋቢዋ እናቶቹን በአንደኛው «ክትባት» ታስገባለች፣ ነርሷ ሌላኛውን «ክትባት» ከፍታ ሰው ትጠብቃለች፣ ሕፃናቱ ደግሞ ኮሪደሩን በለቅሶ ያናውጡታል።

ዳይሬክተሯ ሁለታችንንም አስጠሩን። «ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ነው የቀረዎት። ቁልፉን ለጥበቃ ክፍል ያስረክቡና በር ላይ ይቀመጡ» አሉት። የአጎቴ እጅ ወገቡ ላይ ወዳለው ቁልፍ ሄደ። እስከ ሰኞ ጊዜ እንዲሰጡን ለመንኳቸው።

ብልጥ ነኝ ባይዋ እኔ የተደገሙትን የክፍል ስሞች ሰርዤ ስክሪፕቱን በሃያ ደቂቃ አስተካከልኩት። ከእያንዳንዱ ሰንጠረዥ በፊት «ካለ አጥፋው፣ ከዚያ አዲስ ሥራ» የሚል መስመር ጨመርኩ። ባዶ ማሽን ላይ አሥር ጊዜ ሞከርኩት፤ አሥሩንም ያለ ምንም ስህተት አለፈ። ባዶ ማሽን ላይ የሚጠፋ ነገር እንደሌለ ግን አላሰብኩም። አፌን ሞልቼ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ የፈለግከውን ያህል ድገም» አልኩት።

ሰኞ ረፋድ ላይ መብራት ጠፍቶ መጣ። ትንሽ ቆይቶ አጎቴ የቢሮዬ በር ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ ታካሚ ዜሮ ይላል።»

የሌሊቱ ቅጂ ስለነበረኝ የቆየው መዝገብ ተመለሰ። ከጠዋት ጀምሮ የተመዘገቡት አርባ አንድ እናቶች ግን የሉም። ዳይሬክተሯ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቁ አጎቴ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ። የነካሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አይደለም» አልኩ። «ድገም ያልኩት እኔ ነኝ። ካለ አጥፋው ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እሱ የታዘዘውን ነው ያደረገው።»

ዳይሬክተሯ ተራ በተራ አዩን። «መጀመሪያ እናቶቹን መዝግቡ። የቁልፉን ነገር አርብ እዚያው ማሽኑ ጋ እናየዋለን።»

ደብተር ይዘን አግዳሚ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ዞርን። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ ይጽፋል። አንዷ እናት «አሁን ነግሬያችሁ አልነበር እንዴ?» ብላ ተቆጣች። አጎቴ ይቅርታ ጠይቆ የልጇን ስም አንዴ ብቻ ጻፈና አለፈ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጽፎ መልሶ ያነብላት ነበር።

ስክሪፕቱን በአዲስ መልክ ጻፍኩት። ሰንጠረዡ ካለ ተወው፣ ከሌለ ሥራው። የክፍሉ ስም ካለ እለፈው፣ ከሌለ አስገባው። ሲጨርስ ምን እንዳገኘና ምን እንደሠራ ቆጥሮ እንዲናገርም አደረግኩ። አሁን የሞከርኩት በሙሉው መዝገብ ቅጂ ላይ ነው፤ በፊትና በኋላ እየቆጠርኩ፣ ሃያ ጊዜ። ወረቀቱንም ቀድጄ ያለ ቀይ ቀለም ጻፍኩት።

አጎቴን ግን እንደ ስክሪፕቱ ቁጭ ብዬ እንደገና ልጽፈው አልችልም። ማክሰኞ ማታ የማሽኑን ክፍል ሲቆልፍ አየሁት። ቆለፈ፣ ሄደ። አልተመለሰም፣ ዞርም አላለም። ሰዉ ሁሉ ሲስቅበት የኖረው ጸባይ ነበር፤ እኔ ግን ማልቀስ አማረኝ። ቅስሙን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

አርብ ዳይሬክተሯ መጡ። ሰርቨሩ ጠፍቶ ከአንድ ጀምሮ እንዲያስነሳው አዘዙት። ከማጥፋቱ በፊት አጎቴ የታካሚዎቹን ቁጥር በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጻፈ፦ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አራት። አንድን፣ ሁለትን፣ ሦስትን ሠራ። አራት ላይ ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«ይህችን እንኳ አንቺ ንኪልኝ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አልነካልህም ጋሼ።»

«ብትጠፋስ?»

«አትጠፋም። ያኔ ባዶ ቤት ውስጥ ሞክሬ ነው የዋሸሁህ። አሁን ሙሉ ቤት ውስጥ ሞክሬያለሁ። ከጠፋችም የእኔ ጥፋት ነው፤ በእሳቸው ፊት ነው የምልህ።»

ጣቱን አውርዶ ተጫነው። ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመና ጽሑፉ ወጣ፤ አዲስ የተሠራ ሰንጠረዥ ዜሮ፣ አዲስ የገባ ክፍል ዜሮ፣ ታካሚዎች ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አራት። አጎቴ መዳፉን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ አሃዞቹን አንድ በአንድ አመሳከረ። አምስትንና ስድስትንም ጨረሰ።

«ደህና» አሉ ዳይሬክተሯ፣ «ቁልፉ እርስዎ ጋ ይቆይ።» ወደ በሩ ዞሩ።

«እመቤቴ፣ አንድ ጊዜ ይታገሱኝ» አላቸው አጎቴ።

«ምነው?»

«ልድገመው።»

ደንግጬ ዳይሬክተሯን አየኋቸው። ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። አጎቴ ከነጥብ አንድ ጀመረ። አራት ላይ ሲደርስ ጣቱ አልቆመም።