ለአባባ አልጋ የተቆረጠ ቀን

በአልጋ ፋብሪካው ደንበኞች ያዘዙት ዕቃ መቼ እንደሚደርስ የምትናገረው እሷ ስለሆነች፣ ባልደረቦቿ «እመት ቀጠሮ» ይሏታል። መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፤ ኋላ ለመደችው።

አንድ ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት የአንድ ፀጉር አስተካካይ ትእዛዝ ስክሪኑ ላይ በቀይ ተጽፎ ጠበቃት። ዳሌያቸው የተሰበረ አባቱ ሰኞ ከሆስፒታል ስለሚወጡ፣ ራስጌው በሞተር ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ አዟል። ሞተሮቹ ግን ወደብ ላይ ቆይተዋል፤ የኮምፒውተሩ ፕሮግራምም የመድረሻውን ቀን ወደ ሌላኛው ሳምንት ገፍቶታል።

«የድሮውን ቀን መልሺና ተይው» አላት አልጋውን የሸጠው ባልደረባዋ። «እስከ ሰኞ ማን ያውቃል? ሞተሩ ከች ሊል ይችላል።»

«ካላለስ? ለሽማግሌው ተስፋ ላንጥፍላቸው?»

ሻጩ ሳቀ፤ አልተከራከራትም። ለፀጉር አስተካካዩ ደውላ እውነቱን ነገረችው።

«እህቴ፣ ሰኞ ብላችሁኝ አልነበር? ቤት ያለው መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ነው። አባባን እንዴት አድርጌ ላነሳቸው ነው?» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር። የከበዳትም ድካሙ ነው።

«ቃል አልገባልህም፤ ሳልሞክር ግን አልቀርም» አለችው።

ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ስታይ፣ ተመሳሳይ አልጋዎች ተሠርተው መጋዘን ውስጥ መኪና ሲጠብቁ አገኘች። ያዘዙት የአዛውንቶች ማረፊያ ለመክፈት የሚሰናዱ ነርስ ናቸው። ደወለችላቸውና ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ አንዱን ቢለቁላት ምትኩ የሚደርሳቸው ዘግይቶ ነው።

«ቀለም ቀቢው ገና ከመሰላል አልወረደም፤ ማስገቢያም የለኝ» አሉ ነርሷ። «ውሰጂው ልጄ። የእኔን ግን ውሃ እንዳይበላው፣ አደራ!»

«በእኔ ይጣሉት። ከዘገየም ቀድሜ የምደውልልዎ እኔ ነኝ።»

የሁለቱን ቀን አቀያየረች። አልጋው ሰኞ ረፋድ ላይ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ሲደውል ክው አለች።

«ምነው፣ ተበላሸ?»

«ኧረ የለም! አባባ ሪሞቱን አልለቅም ብለው ከፍ ዝቅ እያሉ ነው። ጎረቤቱን ሁሉ በመስኮት ሰላም አሉት። ምሳቸውንም ቀና ብለው፣ በገዛ እጃቸው በሉ።»

ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ በርቶ ነበር። ሻጩ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እስቲ ምን አሉ ሽማግሌው?» አላት።