አርባ ሳንቲሜትር ክፈፍ

ለመላው የደሴቲቱ ነዋሪ፣ ቤት ላለውም ግድግዳ ብቻ ለቀረውም፣ ይታወቅ ዘንድ፦ አውሎ ነፋሱ በመጣ በአሥራ አንደኛው ወር፣ በዕለተ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የመልሶ ግንባታ ጽሕፈት ቤቱ አንድ አዲስ የመለኪያ ሜትር በጸሎት፣ በንግግርና በሪባን መርቆ ሥራ አስጀምሯል። ሜትሩ ቢጫ ነው። ርዝመቱ ስምንት ሜትር ነው። ሪባኑን የቆረጡት ባለሥልጣን ከዋናው ደሴት በጀልባ መጥተው በዚያው ጀልባ ተመልሰዋል። በመንገድ ማዕበሉ ሲያስታውካቸው ስለመጣ ንግግራቸው አጭር ነበር፤ ሕዝቡም ማዕበሉን አመስግኗል።

ኦስበርት ምረቃው ላይ አልተገኘም። በዚያ ሰዓት ጣሪያ በሌለው ቤቱ አናት ላይ እግሩን አንፈራጥጦ ሞራሌ እየቆረጠ ነበር። ጀልባ ሠሪ ነው፤ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ንድፍ ተመልክቶ አያውቅም። በዚህ የባሕር ዳርቻ እንጨት የሚለካው አንድ ዓይን ጨፍኖ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ግን እንጨቱን የሰጠው “ሞዴል ለ” የተባለ ንድፍ አስፈርሞ ነው፤ ቤቱ በሚስቱ በቬርና ስም ስለሆነም ያስፈረመው እሷን ነው። ቆርቆሮው የሚመጣው የእንጨቱ ሥራ ተለክቶ ሲያልፍ ነው። የአውሎ ነፋስ ወራት ሊገባ ደግሞ አሥር ቀን ቀርቶታል።

የመንደሩ ወንዶች እንደ ልማዳቸው መጋዝና መዶሻ ይዘው ለእርዳታ ወጥተዋል። እዚህ ጣሪያ ሲወጣ ለማንም አይከፈልም። ሰው ይሠራል፣ ይበላል፣ ሩም ይጠጣል፣ ባለቤቱን ይሰድባል። ቬርና አሥራ አንድ ወር ከኖሩበት የሸራ ድንኳን ደጅ ላይ የበቆሎ ገንፎ እያገነፋች ቀና አለች።

“ኦስበርት! ክፈፉ የት ሄደ?”

“ይኸው አለ።”

“ይሄ ክፈፍ ነው? ይሄማ ዶሮ አያስጠልልም!”

“እንጨቱ አነሰ።”

ጎረቤታቸው ፊንባር ከቁርጥራጭ ክምር ላይ ተቀምጦ ዓሣ ይበላል። “እውነቱን ነው ቬርና” አለ አጥንቱን እየተፋ። “እንጨቱ ከማነሱ የተነሣ ለመቀመጫዬ ብቻ ነው የተረፈው።”

ወንዶቹ ሳቁ። ኦስበርት አልሳቀም። ከንጋት ጀምሮ ለአፍታ አልተቀመጠም። ባሕሩን ያያል፣ ሰማዩን ያያል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ጠዋት የመታውን ሚስማር መልሶ ይመታል።

የድሮው ቤት ክፈፍ ከግድግዳው አልፎ ርቆ የሚወጣ ሰፊ የጣሪያ ጠርዝ ነበር። ያስረዘመችው ቬርና ናት። እናቷ ማ ክሌመንሲያ ጥላው ሥር ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን እንድታማ ብላ ሁለት ዓመት ነዘነዘችው፤ ሲደክመው አረዘመላት። አሮጊቷም ያንን ጥላ በሚገባ ሠራችበት፤ በመንደሩ ያላማችው የመብራት ምሰሶውን ብቻ ነበር። ከዚያ አውሎ ነፋሱ መጣ። ኦስበርት በበሩ ስንጥቅ ሲያይ፣ ነፋሱ ቤቱን በየማዕዘኑ ሞክሮ ሲያቅተው ያ ክፈፍ ሥር ጣቱን አስገባና ጣሪያውን እንደ ድስት ክዳን አነሣው። የወደቀው እንጨት የማ ክሌመንሲያን ዳሌ ሰበረ። በአራተኛው ሳምንት ቀበሯት።

“እናቴን ነፋሱ ነው የገደላት” ትላለች ቬርና ለጠየቃት ሁሉ። ኦስበርትም “አዎ፣ ነፋሱ ነው” ይላል። ነፋስ እንዲህ ያለውን ጥፋት መሸከም ይችላል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጃሮን የሚባለው የጽሕፈት ቤቱ ወጣት መሐንዲስ ቢጫውን ሜትር ታጥቆ ደረሰ። ሰላምታ ሰጥቶ መሰላሉን ወጣ። ለካ። ንድፉን አየ። እንደገና ለካ።

“አጎቴ ኦስበርት፣ ክፈፉ ስልሳ ሳንቲሜትር መሆን ነበረበት። ይሄ ሃያ ነው፤ አርባ ጎድሏል።”

“ዓይን አለህ።”

“እንጨት አነሰኝ እንዳይሉኝ ደግሞ ቆጥሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ትርፉ ላይ እኚያ ሰውዬ ተቀምጠውበታል።”

ፊንባር ቀስ ብሎ ተነሣ።

“ግድ የለም” አለ ጃሮን ቅጹን እያወጣ። “‘ከንድፉ የተለየበት ምክንያት’ የሚል ቦታ አለ። ይንገሩኝ፣ እጽፈዋለሁ፣ ለአክስቴ ቬርና አነብላቸዋለሁ፣ ይፈርማሉ። ቆርቆሮው ሰኞ እዚህ ነው።”

“ባልነግርህስ?”

“ወይ ያስረዝሙታል፣ ወይ ፋይሉ ወደ ዋናው ደሴት ይመለሳል። እዚያ የገባ ፋይል ደግሞ እስከ ገና አይወጣም።”

“አላስረዝመውም።”

ቬርና ማማሰያዋን እንደያዘች መሰላሉ ሥር መጣች። “ለልጁ ንገረዋ! ሰው እንዴት ሁለተኛ ክረምት በሸራ ሥር ያድራል? አጥንቴ እኮ ሻገተ!”

“ጀልባ መስሎት ነው” አለ ፊንባር። “ነገ ገፍተን ባሕር ውስጥ እንክተትለት።”

ኦስበርት ቁልቁል ሚስቱን አያት። ምክንያቱ አጭር ነበር፦ ሰፊ ክፈፍ ነፋስ ያስገባል። ጃሮን ቢሰማው በደስታ ይጽፈዋል፤ መሐንዲስ ነውና “ልክ ነዎት” ሊለውም ይችላል። ቬርና ግን ሞኝ አይደለችም። ሲነበብላት፣ ገና ብዕሩን ሳትቀበል፣ የድሮውን ክፈፍ ማን ነዝንዞ እንዳስረዘመው ትዝ ይላታል።

“ምን ልጻፍ አጎቴ?” አለ ጃሮን። “‘አላውቅም’ ልበል?”

“አላውቅም አላልኩም።”

“እንግዲያው ምክንያት የለኝም በል!” ቬርና ማማሰያውን መሰላሉ ላይ መታችው። “በግትርነቴ ነው በልና እንረፍ!”

“ምክንያትስ አለኝ።”

“ምንድነው?”

ወንዶቹ ማላመጥ አቆሙ። ኦስበርት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የመጨረሻውን ሞራሌ ለካ፤ መጋዙን ሃያው ላይ አሳረፈ።

“አልናገርም።”