ከአንገት የዋለ ጥለት

በጥር ሚካኤል ማግሥት፣ ፍኖተ ሰላም በሚገኘው የትሕትና ልብስ ስፌት ቤት ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ዲዛይነሯ ትሕትና፣ ሙሽራዋ ማርያማዊትና እናቷ ወይዘሮ እናኑ። ወይዘሮ እናኑ ልጃቸውን መስታወት ፊት እያዞሩ ቀሚሷን ሲያዩ እጃቸው አንገቷ ላይ ቀረ።

"ይኼ ጥለት ምን ሊያደርግ ወደዚህ ወጣ?"

ለቅሶ የሚሄድ ሰው ነጠላውን ገልብጦ ጥለቱን ወደ አንገቱ ያወጣዋል። በአገሩ ይህን የማያውቅ የለም። ሠርጉ ደግሞ እሑድ ነው።

"ዲዛይን ነው፣ እትየ" አለች ትሕትና።

"ዲዛይን! የባላገሩን መቀነት ጅንስ ጃኬት ላይ ስትሰፊው ዝም አልን። የቡሬ ኮረዳ ሁሉ ለበሰው፤ እሰይ አልን። አሁን ደግሞ ልጄን በሠርጓ ቀን አልቃሽ ልታስመስያት? እስቲ ከዚህ ወዲያ ደጅሽን የሚረግጥ አያለሁ!"

ትሕትና መልስ ነበራት፤ ግን ማርያማዊት ለእናቷ እንዳትናገር አስምላታለች። የሙሽራዋ አባት አቶ ገነነ የሞቱት በኅዳር ነው። ሽማግሌዎች "ቀኑ የተቆረጠ ሠርግ አይቀርም" ብለው እናትና ልጅን ጥቁር አስወለቋቸው።

"ጥፋቱ የእኔ ነው። ፈትቼ ከታች እሰፋዋለሁ" ብላ ትሕትና መቀሱን አነሣች።

"አትፍችው!" አለች ማርያማዊት። "እማየ፣ ያዘዝኋት እኔ ነኝ። አልቅሼ ሳልጨርስ ዝፈኝ አላችሁኝ። እሽ፣ እዘፍናለሁ። ይችን ግን ለአባየ ተዉልኝ።"

ወይዘሮ እናኑ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የነጠላቸውን ጥለት ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ጥቂት ሲያሻሹት ቆዩና መልሰው ለቀቁት።

"ከላይ የምትደርበው ካባ እስከ አንገቷ ይዘጋል?" አሉ።

"ይዘጋል፣ እትየ።"

"እንግዲያ ይዘጋ። እሱ ቢኖር ኖሮ፣ 'እናኑ፣ በጨርቅ ትጣያለሽ?' ብሎ ይስቅብኝ ነበር።"

እሑድ ማርያማዊት ካባዋን ደርባ ወጣች። ጭፈራው ሲደምቅ ግን ሙቀቱ አላስቀመጣትም፤ ካባው ወለቀ፣ ስልኮች ተነሡ። ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ዞሮ ቡሬ ደረሰ።

ከፋሲካ በኋላ እጮኛ ያላቸው ሁለት እኅትማማቾች ከቡሬ መጥተው ፎቶውን ለትሕትና አሳዩ።

"እንዲህ ከአንገቱ አድርጊልን። አሁን ፋሽኑ እሱ ነው።"

"አባታችሁ ደኅና ናቸው?"

"ደኅና ናቸው። ምነው?"

ትሕትና ሜትሯን አንሥታ ልካቸውን ወሰደች። የሁለቱንም ጥለት ከታች ሰፋችው።